የጀልባ ናፍጣ ሞተር ድምፁ ሲለወጥ፤ ስለ ምርመራው ሥርዓት

በጣና ሐይቅ ላይ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ዘጌ ገዳማት፣ ወደ ደቅ ደሴት፣ ወይም ሐይቁን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ ወደ ጎርጎራ መንገደኛና ጭነት የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ፣ ሞተሩ በደኅና በሚሠራበት ጊዜ ድምፁን እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ ይጓዛል፤ ልማድ ጆሮን ያደነዝዛልና። ነገር ግን በዚያ በለመደው ጉርምርምታ መካከል አንድ ባዕድ ድምፅ፣ ኳኳታ ቢሆን ፉጨት፣ ሲጥሲጥታ ቢሆን ድብደባ፣ የገባበት እንደ ሆነ፣ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁሞ ወርዶ እንደሚመለከተው የየብስ ነጂ አይደለምና፣ ከእግሩ በታች ያለውን ውሃና ከቀትር በኋላ የሚነሣውን የሐይቁን ነፋስ እያሰበ፣ ፈጥኖም ተረጋግቶም መፍረድ ግዴታው ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የተሰናዳው ለእንዲህ ያለው ነጂና በጀልባው ለሚያገለግለው መካኒክ ነው፤ የሚናገረውም በጀልባው ሆድ ውስጥ ተተክሎ ፕሮፔለሩን በረጅም ዘንግ ስለሚያዞረው ባለ አራት ምት የናፍጣ ሞተር ነው።

አስቀድሞ የሞተሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ በሲሊንደሩ ያለውን አየር ከመጀመሪያ ይዞታው ወደ ዐሥራ ስድስተኛው፣ በአንዳንዱም ሞተር ወደ ሃያኛው እጅ ያህል ያጠበዋል፤ በዚህም ጊዜ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ በግለቱም ላይ ኢኔቶሪው እጅግ የደቀቀ ናፍጣ ይረጭበታል። የተረጨው ናፍጣ እሳት እስኪይዝ ድረስ ለዐይን ጥቅሻ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ይዘገያል፤ በዚያ መዘግየት የተከማቸውም ነዳጅ በአንድነት ሲነድ ግፊቱ በድንገት ከፍ ይላል፤ የናፍጣ ኳኳታ የምንለው የዚህን የድንገተኛ ግፊት ድምፅ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን በአውግስቡርግ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 አስፈትኖ ብቃቱን ካሳየበት ጊዜ ጀምሮ፣ በ1912 ከኮፐንሃገን ተነሥታ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የተጓዘችው ሴላንዲያ የተባለችው መርከብ ናፍጣ ለውቅያኖስ ጉዞ እንደሚበቃ ካስመሰከረችበት ጊዜም ወዲህ፣ ብዙ ነገር ቢሻሻልም ይህ ጠባይ አልተለወጠም። ስለዚህ የመርማሪው ጥያቄ «ሞተሩ ይንኳኳልን?» የሚል ሳይሆን፣ «ከቀድሞው በምን ተለይቶ ይንኳኳል?» የሚል መሆን አለበት።

የጣና ነጂ በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላም ምክንያት አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው አራት አምስተኛው ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚገኘው ግፊት ያንሳል፤ ግፊቱ ሲያንስ ናፍጣው እሳት ለመያዝ ይበልጥ ይዘገያል፤ ሲዘገይም ኳኳታው ይበረታል። በጅቡቲ ወይም በምጽዋ ጠረፍ ለስለስ ብሎ የሚሰማ ሞተር ወደ ጣና መጥቶ በማለዳ ብርድ ሲነሣ ሻካራ ቢሆን፣ ጥቂት ጥቁር ጢስም ቢያሳይ፣ ይህ ብቻውን ሕማም አይደለም፤ ከሞቀ በኋላ ሊለሰልስ ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ሁሉ ከእውነተኛው ብልሽት ለመለየት የሚረዳው ብቸኛ መንገድ ጤነኛውን ድምፅ አስቀድሞ ማጥናት ነው፤ ሞተሩ ደኅና ሳለ ብርድ ላይ፣ ከሞቀ በኋላ፣ ማርሽ ሳይገባና ሙሉ ጭነት ይዞ ሲሄድ ያለውን ድምፅ በእጅ ስልክ ቀድቶ ያስቀመጠ ነጂ፣ በክፉው ቀን የሚያመሳክርበት ምስክር አለው።

ወደ ምርመራው ከመግባት በፊት ግን ፍርድ የሚቀድምባቸው ሦስት ድምፆች አሉ፤ እነርሱም ሲሰሙ መመራመር ሳይሆን ሞተሩን ማቆም ነው የሚገባው። የመጀመሪያው፣ ከሞተሩ ግርጌ የሚወጣ ዝቅ ያለ፣ ወፍራም የብረት ድብደባ ሲሆን፣ በዚያውም ላይ የዘይት ግፊት መለኪያው ወርዶ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ቢዬላው ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያዝበት ኩሽኔታ መበላቱን ወይም ዘይት ማጣቱን ያመለክታል፤ እንዲህ ያለው ሞተር ጥቂት ደቂቃ ተጨማሪ ቢሠራ ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው፣ የጢሱ መውጫ በውሃ በሚቀዘቅዝ ጀልባ ላይ፣ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ የታፈነ የነበረው የማርሚታ ድምፅ በድንገት ደረቅና ከፍ ያለ ሲሆን ነው፤ ወደ ኋላ ዞር ብለው ከጢሱ ጋር የሚተፋውን ውሃ ይመልከቱ፤ ካልታየ ወይም ከቀጠነ ማቀዝቀዣው ውሃ ተቋርጧል፤ በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ በመሆኑ የማቀዝቀዣው ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ፍላቱ ሳይጠበቅ ይደርሳል። ሦስተኛው እጅግ አስፈሪው ነው፤ ሞተሩ ማንም ሳያዝዘው ዙሩን እየጨመረ እየጮኸ ሲሄድ፣ የናፍጣውንም መዝጊያ ቢዘጉት አልቆም ሲል፣ የገዛ ዘይቱን እያቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ይህም ተርቦው ዘይት ሲያፈስስ ወይም ዘይት ከመጠን በላይ ሲሞላበት ይደርሳል። መድኃኒቱ አየር ማሳጣት ነው፤ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ጠንካራ ሰሌዳ በአየር መሳቢያው አፍ ላይ ገጥመው ይያዙ፤ እጅዎን ግን ከቶ አያቅርቡ፤ መሳቡ ሥጋን ይጎዳልና።

ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ሁሉ፣ ዙር ቀንሶ ወደ ዳር ለመድረስ ጊዜ ይሰጣል። መልሕቁን ያዘጋጁ፤ ወደ ቅርቡ ዳርቻ ይምጡ፤ ከዚያም ምርመራው ይጀመር።

እዚህ ላይ የብዙ መካኒኮች ጠባይ ይነቀፋል፤ ድምፅ በሰሙ ጊዜ ወዲያው «ከወዴት ነው?» ብለው ቁልፍ ያነሣሉ፤ ቴስታታውንም አውርደው ጓርኒሲዮኑን ካበላሹ በኋላ ነው ጥፋቱ የላላ ቺንጋ እንደ ነበረ የሚገለጥላቸው። የጀልባ ሆድ ባዶ፣ ወለሉም ሳንቃ ወይም ላሜራ በመሆኑ ድምፅን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይወስዳል፤ ከኋላ የተነሣው ድብደባ ከፊት ይሰማል፤ ስለዚህ ጆሮ ስለ ቦታ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምስክርነት የሚታመን አይደለም። ከቦታው በፊት ሊመረመር የሚገባው ጊዜው ነው፤ ድምፁ መቼ ይመጣል፣ መቼስ ይጠፋል? ሞተሩ ብርድ ሳለ ብቻ ነውን፣ ወይስ ሲሞቅ ይብሳል? ዙሩ ሲጨምር አብሮ ይፈጥናልን፣ ወይስ በአንድ ዙር ላይ ብቻ ታይቶ ያልፋል? ጭነት ሲበዛ ይበረታልን? ከዚህም ሁሉ ይልቅ፣ ከመጀመሩ በፊት በሞተሩ ላይ ምን ተሠርቶ ነበር፤ ናፍጣ ከየት ተቀዳ፣ ዘይት መቼ ተለወጠ፣ ጀልባዋስ ደለል ወይም ዐለት ነክታ ነበርን? መልሱን በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ሞተር ሲጮኽ ልቡና ይታወካልና።

ከድምፁ ፍጥነትም ብዙ ነገር ይገኛል። በባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት፣ ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ እያንዳንዱም ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይቃጠላል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሆኖ በደቂቃ 800 ዙር ቢዞር፣ ክራንክ ሻፍቱ በሴኮንድ 13 ጊዜ ያህል ሲዞር ካም ሻፍቱ ከ6 እስከ 7 ጊዜ ይዞራል። ጆሮ 13ቱን ሊቆጥር ባይችልም ረጋ ያለውን ከተጣደፈው መለየት አይሳነውም፤ ረጋ ያለው ወደ ቫልቮላው ወይም ወደ አንዱ ሲሊንደር ቃጠሎ፣ የተጣደፈው ወደሚሽከረከረው አካል ያመለክታል። ይህ ምልክት እንጂ ፍጹም ማስረጃ አለመሆኑን ግን አይዘንጉ።

ከዚህ ቀጥሎ ሞተሩንና ዘንጉን መለየት ነው፤ በጀልባ ላይ ከሁሉ የሚጠቅመው ፈተና ይህ ነው፤ የጭነት መኪና ሞተር ብቻ የለመደ መካኒክ የሚዘነጋውም እርሱኑ ነው። ጀልባዋን ከጠንካራ ምሰሶ ጋር በሁለት ገመድ አሥረው፣ ማርሽ ሳያስገቡ ዙሩን ከሚኒሞ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ፤ ድምፁ ከተሰማ ጥፋቱ በሞተሩ ወይም ከእርሱ ጋር በተያያዘው ካምቢዮ ውስጥ ነው፤ ማርሽ ሲገባ ብቻ ከመጣ ግን ምርመራው ወደ ኋላ ይሂድ። ሰፊ ውሃ ላይ ሆነው ደግሞ እንዲህ ያድርጉ፤ ጀልባዋ በፍጥነት ስትሄድ ማርሹን አውጥተው ሞተሩን ወደ ሚኒሞ ይመልሱት፤ ጀልባዋ በገዛ ፍጥነቷ እየተንሳፈፈች ስትሄድ ውሃው ፕሮፔለሩን እያዞረ ከሆነ፣ ድምፁም የሞተሩን ዙር ትቶ የጀልባዋን ፍጥነት እየተከተለ ከተዳከመ፣ ሞተሩ ንጹሕ ነው።

ማርሽ ሳይገባ ሚኒሞ ላይ የሚንቀጫቀጭ፣ ዙሩ ጥቂት ከፍ ሲል ግን ፈጽሞ የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ በአብዛኛው ጊዜ ይህ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው፣ መንቀጥቀጥን የሚያበርድ ባለ ሞላ ሰሌዳ ሞላዎቹ ሲላሉ የሚያሰማው ነው። ለጊዜው አይገድልም፤ ነገር ግን ሞላው የተሰበረ እንደ ሆነ በሐይቁ መካከል ሞተሩ እየዞረ ጀልባዋ ትቆማለችና፣ ቀን ቆርጦ ማስለወጥ ይገባል። የጀልባዋ ወለል በሙሉ የሚንቀጠቀጥና ከዙሩ ጋር የሚበረታ ድምፅ ቢሆን ግን፣ ካምቢዮው ከዘንጉ ጋር የሚገጠምበትን ማያያዣ ይመርምሩ፤ ቡሎኖቹን ፈተው ሁለቱን ፊቶች ካቀራረቡ በኋላ በስስ መለኪያ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ክፍተታቸውን ይለኩ፤ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ማያያዣ ላይ ከ0.1 ሚሊ ሜትር የበለጠ ልዩነት የተገኘ እንደ ሆነ ሞተሩ ከዘንጉ ጋር አልተካከለም። ይህ ልኬት ሊወሰድ የሚገባው ጀልባዋ ውሃ ላይ ሳለች ነው፤ ወደ የብስ ስትወጣ አካሏ ቅርጹን ይለውጣልና በደረቅ የተስተካከለው በውሃ ይጣመማል። ሞተሩ የተቀመጠባቸው የጎማ እግሮችም ዘይት ከነካቸው ይለሰልሳሉ፤ ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ አንድ ጊዜ ድም ብሎ ከዘለለ እነርሱን ይጠርጥሩ።

የጣና ዘንግ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ደለል ነው፤ ግልገል ዐባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት የሚያመጡት ጭቃ፣ ዘንጉ ከጀልባዋ በሚወጣበት ያለውን በውሃ ብቻ የሚለሰልሰውን የጎማ ኩሽኔታ ይፍቀዋል፤ ዝቅ ያለ ጉርምርምታና አልፎ አልፎ ሲጥሲጥታ ምልክቱ ሲሆን፣ ጀልባዋ ወደ የብስ በወጣች ጊዜ ዘንጉን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቆ ማረጋገጥ ይቻላል። ሁለተኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ነው፤ ሥሩና ግንዱ በፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ያለ ጭነቱ ይደክማል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ጥቁር ጢስ ይወጣል፤ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውንም ከደፈነው ቀደም ሲል የተነገረው ሁለተኛው አደጋ ይከተላል። የናይለን የዓሣ መረብ የተጠመጠመ እንደ ሆነ ደግሞ ከዚያ ይከፋል፤ በዘንጉ ላይ በግለት ቀልጦ ይጣበቃል። ለማጽዳት ወደ ውሃ ከመውረድ በፊት ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን በኪስዎ ይያዙ፤ ለረዳትዎ «እንዳትነካ» ማለት ብቻ አይበቃም። ከጸዳም በኋላ የፕሮፔለሩ ክንፎች እኩል መሆናቸውን ይዩ፤ አንዱ ክንፍ ቢጣመም ከፍጥነት ጋር እየበረታ የሚሄድ መንቀጥቀጥ ይሰጣል።

ጥፋቱ ከሞተሩ ወገን የተገኘ እንደ ሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት ሥርዓት ነው። ሲጥ የሚል ቀጭን ጩኸት ሲነሣና ዙር ሲጨመር ከበረታ ቺንጋው ላልቶ ይሆናል፤ ሞተሩን አጥፍተው በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰጠውን ልክ መመሪያው ከሚያዝዘው ጋር ያስተያዩ። ድምፁ ማጉረምረም ከሆነ ዲናሞውን ወይም የውሃ ፖምፓውን ኩሽኔታ ያመለክታል፤ ቺንጋውን አውልቀው ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ብቻ ያስነሡ፤ ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ቺንጋው ከሚያዞራቸው በአንዱ ነው፤ እያንዳንዱንም በእጅ አዙሮ የሚንኮራኮረውን ማግኘት አያዳግትም። በቴስታታውና በጢስ መውጫው መጋጠሚያ የሚሰማ «ጭ፣ ጭ» የሚል የትንፋሽ ድምፅ ግን የላላ ቡሎን ወይም የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ነው፤ በዙሪያው ጥቀርሻ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ረዘም ያለ ካቻቪቴ ይያዙ፤ ጫፉን በሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን በጆሮዎ አጥንት ላይ አድርገው፣ ሌላውን ጆሮዎን ደፍነው፣ በየሲሊንደሩ ላይ ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ያድምጡ። ነጠላ ወይም ሻሽ የለበሰ ሰው አውልቆ ያስቀምጥ፤ የሚሽከረከረው ዘንግ አይምርም። በማሕሌት መካከል መሪጌታው ከብዙ ድምፅ ውስጥ ዜማውን የሳተውን አንዱን ደቀ መዝሙር ለይቶ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ መርማሪውም የሚፈልገው ትልቁን ድምፅ ሳይሆን ከባልንጀሮቹ የተለየውን ነው፤ አንዱን ሲሊንደር ብቻ መስማት ምንም አያስተምርም፤ ሁሉንም በተራ አድምጦ ማወዳደር ግን ብዙ ያስተምራል።

የተጠረጠረውን ሲሊንደር ለማረጋገጥ፣ የቆየ ዐይነት የሜካኒክ ፖምፓ ባለው ሞተር ላይ፣ ሚኒሞ እየሠራ ሳለ፣ ወደ ኢኔቶሪው የሚገባውን የናፍጣ ቧንቧ ዳዶ በጨርቅ ሸፍነው ግማሽ ዙር ያህል ያላሉ፤ ያ ሲሊንደር ወዲያው ሥራውን ያቆማል። ኳኳታው በዚያ ጊዜ ከጠፋ ወይም ከቀነሰ፣ ምክንያቱ የዚያ ሲሊንደር ቃጠሎ ወይም ቢዬላው ነው፤ ሳይለወጥ ከቀረ ወደ ቫልቮላው ይሂዱ፤ የሞተሩ ዙር ምንም ካልወረደ ደግሞ ያ ሲሊንደር አስቀድሞም አልሠራም ነበር። ዳዶውን መልሰው አጥብቀው ወደሚቀጥለው ይለፉ። በዚህ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከ150 እስከ 250 ባርና ከዚያም በላይ ስለሆነ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ቢታይም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር የሚታዘዝና ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቧንቧ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚያከማች አዲስ ሞተር ከሆነ ግን ይህን ፈተና ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ለእርሱ የምርመራ መሣርያ ያለው ባለሙያ ይፈለግ።

የተገኘው ድምፅ ስለታምና ደረቅ ኳኳታ ሆኖ ሲሊንደሩ ሲቋረጥ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ያን ኢኔቶሪ አውጥተው ከጎረቤቱ ጋር ያለዋውጡት፤ ድምፁ ኢኔቶሪውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ በስፍራው ከቀረ ግን ጠለቅ ያለ ነገር አለ። ቀላል ጠቅጠቅታ ከላይኛው ክዳን ሥር ከተሰማ የቫልቮላ ክፍተት መስፋቱን ያመለክታል፤ ብዙ ሞተሮች ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛውን ልክና በብርድ ወይም በሙቀት መለካት እንዳለበት ከሞተሩ መጽሐፍ ይመልከቱ። ብርድ ሳለ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ባዶ ድብደባ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲወዛወዝ የሚሰጠው ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር እያረጀ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ጭነት ሲጨመር የሚበረታና በእግር ሥር የሚሰማ ወፍራም ድምፅ ግን የዋናው ኩሽኔታ ነውና ሳይዘገይ ዘይቱን ይመርምሩ፤ የዘይቱን ፊልትሮ ቀድደው ወረቀቱን በፀሐይ ይዘርጉ፤ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ካለ ማግኔት ያስጠጉ፤ የሚሳበው ብረት ነው፤ የማይሳበው፣ በተለይም መዳብ የሚመስለው፣ ከኩሽኔታ የተፋቀ ነው።

ሁሉም ሲሊንደሮች በአንድነት የሚንኳኩ እንደ ሆነ ግን የአንዱ አካል ብልሽት አይደለም፤ ምክንያቱን በናፍጣው ውስጥ ይፈልጉ። በበርሜል የሚመጣ ናፍጣ ውሃ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላልና፣ ከውሃ መለያው ግርጌ ጥቂት ናፍጣ በጠርሙስ ቀድተው ያሳርፉ፤ ውሃው ከታች ይለያል። ዙሩ የሚንገዳገድ ከሆነ ደግሞ አየር ገብቷል፤ ከጋኑ እስከ ፖምፓው ያለውን መጋጠሚያ ሁሉ ይመርምሩ።

ጥገናው በተፈጸመ ጊዜ ወዲያው መንገደኛ አይጫን። ጀልባዋን እንደ ቀድሞው በገመድ አሥረው ሞተሩ እስኪሞቅ ያሠሩት፤ ከዚያም ያለ መንገደኛ፣ የተለመደውን ክብደት የሚያህል ጭነት አድርገው ከዳርቻ ሳይርቁ ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ፤ የዘይቱን ግፊት፣ የውሃውን ሙቀትና ከጢሱ ጋር የሚወጣውን ውሃ በመዝገብ ይጻፉ፤ አዲሱንም ድምፅ ቀድተው ከአሮጌው ጎን ያስቀምጡ። ዘንጉ ተፈትቶ ከነበረ ጀልባዋ አንድ ሌሊት በውሃ ላይ ካደረች በኋላ የማያያዣውን ክፍተት እንደ ገና ይለኩ፤ የጎማ እግሮቹንም ዳዶ ዳግመኛ ያጥብቁ።